አቮካዶው የማን ነው?

ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ ጅማ ግቢያችን ሲገባ ቤቱን አያይም። ሻንጣውን እንደያዘ ቀና ብሎ ዛፉን ያያል፤ ከዚያ ሰላምታው ሳያልቅ፣ "ይሄ ሁሉ የእናንተ ነው?" ይላል። አዎ ብሎ መገላገል ይቻላል። ግቢው በስማችን ነው፣ ዛፉም የቆመው ግቢው ውስጥ ነው። ነገር ግን ጓሮው ፍራፍሬ ያለው የጅማ ሰው ይህን ጥያቄ በቅንነት ልመልስ ካለ፣ ከአቦል ጀምሮ በረካ ላይም አይጨርስም።

ማብቀሉ አይደለም ችግሩ። እዚህ ማብቀል ሥራ አይባልም። ከተማችን 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ትጠጣለች፤ አፈሩ ቀይና ጥልቅ ነው። ለአጥር ተብሎ የተቸከለ እንጨት እንኳ ክረምቱ ሳይወጣ ቅጠል ያበቅላል። በልተን የወረወርነው የአቮካዶ ዘር ከቆሻሻው ጉድጓድ አፍ ላይ ይነሳል። ዘይቱንን ደግሞ ሰው ሲተክለው አይቼ አላውቅም፤ ወፍ ነው የሚተክለው፣ ያውም ቦታ መርጦ፣ ከሽንት ቤቱ ግድግዳ ሥር። ሙዙም አንድ ዘለላ ሰጥቶ ሲሞት ልጆቹን ከሥሩ አሰልፎ ነው። አዲስ አበባ አንድ የሎሚ ችግኝ በበርሜል ተክላ የምታሳድግ አክስት አለችኝ። እኛ ዘንድ መጥታ ካዝሚሩ መሬት ላይ ረግፎ ዶሮ ሲለቅመው ስታይ፣ "እግዜር አይወደውም" ብላ ነጠላዋን አንጥፋ ለቀማ ጀመረች።

ሁሉም ግን እጁን አይሰጥም። ማንጎ ልቡ ቆላ ነው፤ ሲያብብ ዝናብ ከመታው አበባው ይጠቁርና ይረግፋል። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2010 ለመጀመሪያ ጊዜ ምሥራቅ ወለጋ ላይ የታየው ነጭ ተባይ እዚህም ደርሶ ቅጠሉን በነጠብጣብ ሸፍኖታል። ብርቱካንና መንደሪንም፣ በ1980ዎቹ የገባው የቅጠልና የፍሬ በሽታ እርጥበት ወዳድ ሆኖ ስለተገኘ፣ ብዙ ጓሮ ለቀው ሄደዋል። አገሩን የወረሰው አቮካዶ ነው። እሱም እኮ የትናንት እንግዳ ነው። ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1938 እንደሆነ፣ ያስገቡትም ሂርናና ወንዶ ገነት የነበሩ የግል አትክልተኞች እንደሆኑ ነው የሚጻፈው። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር እንግዲህ ያ ሁሉ የጅሬን ቤተ መንግሥት ግብር ሲበላ፣ ያ ሁሉ የሂርማታ ገበያ ሲቆም፣ አንዲት አቮካዶ ሳይቀምሱ ነው የሄዱት ማለት ነው። ዛሬ የእሳቸው አገር ልጅ ማባያ ሲያጣ ዳቦ ላይ ቀብቶ ይበላዋል።

ወደ ባለቤትነቱ ልመለስ። የመጀመሪያው ባለድርሻ ጣሪያ ነው።

ከዘር የበቀለ አቮካዶ ማንም ካልገረዘው 15 ሜትርን አልፎ ይሄዳል። ቅርንጫፉ የሚያድገው ብርሃን ወዳለበት ነው፤ ብርሃኑ ያለው ደግሞ በጎረቤታችን በሐጂ ቆርቆሮ ላይ ነው። ሌሊት፣ አገር ጸጥ ባለበት፣ መጀመሪያ "ኳ!" ይላል። ቀጥሎ በሸንተረሩ ላይ እየተንከባለለ ይወርዳል፤ አሸንዳው ጋ ሲደርስ ትንሽ ያመነታል፤ በመጨረሻ ሲሚንቶው ላይ "ጧ"። የሰፈሩ ልጆች በተኙበት ሆነው የማን ዛፍ የማን ጣሪያ ላይ እንደጣለ ይለያሉ። ጠዋት ሐጂ አጥሩ ጋ ብቅ ይላሉ።

"ሌሊት ሦስት ወድቋል።"

"ይቅርታ ሐጂ፣ እንቅልፍ ነሳንዎ።"

"የምን ይቅርታ ነው? ማሻ አላህ በል። ሁለቱ ደህና ናቸው፣ አንዱ ብቻ ነው የፈረጠው።"

ሁለቱን ደህናዎች ግን አላሳዩኝም። በሰፈራችን ሕግ፣ በአየር የሄደ ፍሬ ያረፈበት ቤት ነው። ይህ የተጻፈበት ቦታ የለም፤ የተከራከረበትም ሰው የለም።

ነገሩ በዚህ ቢቆም ጥሩ ነበር። የሐጂ የልጅ ልጅ ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ከእርሻ ግቢ ገባች። ያ ግቢ እ.ኤ.አ. በ1952 የእርሻ ትምህርት ቤት ሆኖ የተከፈተ ነው፤ ስንትና ስንት የግብርና ባለሙያ አስመርቋል። ለእኛ አጥር ግን ያመጣው መዘዝ ነው። ልጅቷ አንድ እሑድ ጠዋት መጥታ ከአቮካዶአችን ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ሥር ቆመች፣ ከዚያ ከእነሱው አቮካዶ ሥር፤ ከሰዓት ተመልሳ መጣች፤ በማግሥቱም እንዲሁ። ከዚያ አያቷንና እኔን አጥሩ ላይ አቁማ አስተማረችን።

የአቮካዶ አበባ ለካ ሁለት ጊዜ ነው የሚከፈተው። መጀመሪያ ሴት ሆኖ ይከፈታል፤ ይዘጋል፤ በማግሥቱ ወንድ ሆኖ ይከፈታል። ነገር ግን ዛፎች ሁሉ ሰዓታቸው አንድ አይደለም። አንደኛው ወገን ጠዋት ሴት ሆኖ ውሎ በማግሥቱ ከሰዓት ወንድ ይሆናል። ሁለተኛው ወገን ከሰዓት ሴት ሆኖ በማግሥቱ ጠዋት ወንድ ይሆናል። ሃስ የሚባለው ከመጀመሪያው ወገን ነው፤ ፉዌርቴና ኤቲንገር ከሁለተኛው ናቸው። ስለዚህ የሁለቱ ወገን ዛፎች ጎረቤት ሲሆኑ ነው ፍሬው የሚበዛው፤ ንብ ከአንዱ ወደ ሌላው ያመላልሳል። ብርድ ሲሆን ሰዓቱ ይዛባል አለች፤ ይህንንስ ከሰውም አይተናል።

ሐጂ ጥቂት አሰቡ። "እንግዲህ የእሱ ዛፍ ጠዋት ሴት ስትሆን፣ በዚያ ሰዓት ወንዱ የእኛ ዛፍ ነው?"

"አዎ አባባ፣ ባየሁት እንዲያ ነው።"

ወደ እኔ ዞሩ። "እና ጥሎሹን የጣልኩት እኔ ነኛ! ታዲያ በጣሪያ የሚወርደው ብቻ ነው ድርሻዬ?"

ልጅቷ በቅንነት፣ የእሳቸውም ዛፍ ከሰዓት ሴት ሲሆን ወንዱ የእኛ እንደሆነ ልታስረዳ ሞከረች። ሐጂ ግን ለዙህር ሰላት ተነስተው ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዛፋችንን "ምራቴ" ነው የሚሏት።

ፓፓያ ይህን ያህል አይራቀቅም፣ ግን ተንኮለኛ ነው። ወንድ አለው፣ ሴት አለው፣ ሁለቱን የያዘም አለው፤ ችግኙ ላይ ግን ምንም ምልክት የለበትም። እስኪያብብ ድረስ ውኃ እያጠጡ፣ ፍግ እያለበሱ ማሳደግ ነው። ሲያብብ ነው ጉዱ የሚታየው፤ ረጅም ክር አንጠልጥሎ ከመጣ ወንድ ነው፣ ፍሬ የለም። ክብ ፍሬ የምትሰጠው ሴቷ ናት፤ ሞላላው የሁለቱን ጾታ ከያዘው ነው። የሰፈራችን ሽማግሌዎች ወንድ ፓፓያ ሚስማር ሲመታበት ይመለሳል ብለው ያምናሉ። አንዱ ጎረቤታችን ሞከረ፤ ዛፉ ሚስማሩን ይዞ ወንድ እንደሆነ ቀረ። አሁን ጃንጥላ ይሰቀልበታል።

ጦጣን ሳላነሳ ባልፍ ትቀየመኛለች። ጫካ የቀረላቸው የጅማ ዳርቻ ሰፈሮችና የአጋሮ ገጠሮች ጦጣን የሚያዩት እንደ ግብር ሰብሳቢ ነው፤ መምጫዋን ታውቃለች፣ ደረሰኝ አትሰጥም። የሚያበሳጨው መብላቷ አይደለም። አንዱን ትነክሳለች፣ ታሸታለች፣ ትወረውራለች፤ ሌላውን ትቀጥፋለች። አቮካዶ ዛፉ ላይ እያለ እንደማይበስል፣ ከተቀጠፈ በኋላ ነው እንጂ እንደማይለሰልስ ማንም አልነገራትም። ጥሬ ነው ብላ እያንዳንዱን ማረጋገጥ አለባት። ጉሬዛ በአንጻሩ ጨዋ ነው፤ ነጭና ጥቁር ካባውን ደርቦ ከፍ ብሎ ይቀመጥና አብዛኛውን ጊዜ ቅጠሉን ይቆረጥማል። የሌሊት ወፍ ዘይቱኑን እዚህ ቀጥፎ ሌላ ቦታ ሄዶ ይበላል፤ ጠዋት በረንዳችን ላይ የምናገኘው ዘር ከሌላ ሰው ጓሮ የመጣ ነው። የሰፈር ልጆች ደግሞ በድንጋይ ነው የሚሠሩት፤ ለአንድ ካዝሚር ሁለት የመስኮት መስታወት ያወጣሉ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ባለድርሻ የሚሻማበት ዛፍ ዘሩ ምንድን ነው ቢባል መልስ የለም። እዚህ ላይ ቡናን ማየት ያስቀናል። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ሲገባ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ እናት ዛፎችን ፍለጋ በየጫካው ወጡ። ዛሬ በየማሳው ያሉት የቡና ዝርያዎች 741፣ 74110፣ 74112፣ 74158 የመጡት ከዚያ ነው፤ መነሻቸው ላይ ያለው 74 የተመረጡበት ዓመት ነው፣ እ.ኤ.አ. 1974። ከተማችን አጠገብ መልኮ ያለው የምርምር ማዕከል ልደታቸውን፣ ምርታቸውን፣ በሽታቸውን መዝግቦ ይዟል። የእኛ አቮካዶ ግን መታወቂያ የለውም። ከዘር የበቀለ አቮካዶ እናቱን አይመስልም፤ ጣፋጭ በልተህ ዘሩን ብትተክል ውኃ ውኃ የሚል ሊወጣ ይችላል። ይህንንም የምታውቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የተዳቀለ ችግኝ የገዛ ሰው በሦስት በአራት ዓመት ፍሬ ያያል፤ ዘር የቀበረ ሰው ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ ማንበብ እስኪለምድ ይጠብቃል።

ሆኖም ሎተሪው የሚወጣለት አለ። ሩዶልፍ ሃስ የሚባል የካሊፎርኒያ ፖስተኛ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የአቮካዶ ዘር ገዝቶ ተከለ። በአንዲቷ ችግኝ ላይ የታወቀ ዝርያ ሊያዳቅልባት ቢሞክር አልያዘለትም፤ እንዲሁ ተዋት። ፍሬዋ ቆዳው ሸካራና ጥቁር ሆነ፣ ማንም ያላየው ዓይነት። ልጆቹ ቀምሰው ከለመዱት ይልቅ እሱን መረጡ። እ.ኤ.አ. በ1935 የፈጠራ መብት አስመዘገበባት። ዛሬ በዓለም ገበያ በብዛት የሚሸጠው ሃስ ሁሉ ከዚያች አንዲት ዛፍ እየተቆረጠ የተዳቀለ ነው፤ እናቲቱ ዛፍ እ.ኤ.አ. በ2002 ሥሯ በስብሶ ሞተች። ፖስተኛውስ? አትክልተኛው አንድ ችግኝ ከእሱ ገዝቶ የቀረውን ራሱ እያዳቀለ እርሻውን ስለሚሞላ ሀብታም አልሆነም፤ ደብዳቤ ማደሉን ቀጠለ። በስሙ የተጠራ፣ በሕግ የተመዘገበ ዛፍ ይዞም ያው ነው። ይህን ለሐጂ ነገርኳቸው። "ጎረቤቶቹ ጎበዞች ነበሩ" አሉ።

በቡና ከተሞች ፍራፍሬ የእንጀራ ልጅ ነው። በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በየቡ፣ በሰቃ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ስለ አቮካዶ የሚያወራ ሰው ካለ የታመመ ነው። ያኔ ወሬው ሁሉ የእሸት ቡና ዋጋ ነው፤ አልጋው ላይ የተሰጣው ጀንፈል ነው፤ ደመና ባየ ቁጥር ቤተሰቡ ሁሉ ሸራ ይዞ ይሮጣል። አቮካዶው ለቡናው ጥላ እንዲሆን ይፈለጋል እንጂ ፍሬ እንዳለው የሚያስታውስ የለም። የቡና ዋጋ የወደቀ ዓመት ግን አባወራው በረንዳው ላይ ተቀምጦ ቀና ይላል። "ይሄ ዛፍ ስንት ያወጣል?" ይላል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ይመስል። ሚስቱ ደግሞ ማንጎው ተቆርጦ ጫት ቢተከልበት ስንት እንደሚገኝ ከጎረቤት ሰምታ መጥታለች። ያን ሳምንት ማንጎው በተለየ ሁኔታ ያብባል። እኔ ዛፍ ይሰማል ከሚሉት ወገን አይደለሁም፤ ግን ደጋግሞ ታይቷል።

አቮካዶ የሚሸጠው ዛፉ ላይ እያለ ነው። ነጋዴው መጥቶ በዓይኑ ገምቶ፣ ሙሉውን በአንድ ዋጋ ይገዛል፤ ማውረዱ የራሱ ነው። ባለፈው ወቅት አንድ ወጣት መጣ። ግቢውን በትሕትና ገባ፣ ጫማውን ከጭቃ አራገፈ፣ ከግንዱ ሥር ቆሞ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ።

"ጋሼ፣ ስንት ይላሉ?"

"አንተ ስንት ትላለህ?"

"ዛፉ እኮ አርጅቷል።"

"ዛፉን አይደለም የምሸጥልህ።"

ዞረ። "ይሄ በዚህ በኩል ያለው ጦጣ ነክቶታል፤ እሱን አልቆጥርም።" ቀና አለ። "ከጫፍ ያለው ደግሞ ልጅ የሚወጣበት አይደለም፤ በሸምበቆ ሲወርድ ይፈርጣል፣ ጭራው ከተነቀለም ይበሰብሳል። እሱንም አልቆጥርም።" ወደ አጥሩ ጠጋ አለ። "ይሄኛው የጎረቤት ጣሪያ ላይ ነው ያለው፤ ነገ ጭቅጭቅ አልፈልግም። አልቆጥረውም።"

ከአጥሩ ማዶ ድምፅ መጣ። "ለምን አትቆጥርም? እሱን እኔ እሸጥልሃለሁ።"

ሐጂ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው ነበር፣ ያውም የጅማ ባለሦስት እግር በርጩማ ላይ፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይሰሙ ነበር። ልጁ እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ። እኔ ሰማይ አየሁ። ክርክሩ በሁለት ግንባር ቀጠለ። በመጨረሻ ለእኔ የቀረልኝ ዋጋ አንድ ኪሎ ሥጋ አይገዛም። ሐጂ የተሻለ አግኝተዋል፤ የእሳቸው ቅርንጫፍ ለማውረድ ይመቻል፣ በጣሪያው ላይ ቆሞ መቅጠፍ ነው። ምሽት ላይ ያን ብር ይዤ ልጆቹን ጭማቂ ቤት ወሰድኩ። ስፕሪስ አዘዝን፤ ከታች አቮካዶ፣ መሐል ማንጎ፣ ከላይ ፓፓያ፣ ቪምቶ ጠብ ተደርጎበት፣ ሎሚ ከጎን። ትንሹ ልጄ አረንጓዴውን በማንኪያ አውጥቶ ቀመሰና፣ "አባዬ፣ ይሄ የኛ ነው" አለ። አስተናጋጇ ሂሳቡን አልቀነሰችልንም።

ነጋዴው ያልቆጠረው ሁሉ የሚቀረው ለእኛ ነው፤ እሱ ደግሞ ብዙ ነው። ወቅቱ ሲደርስ የከተማው ዛፍ ሁሉ በአንድ ላይ ይደርሳል፤ ስለዚህ የሚሰጠው ሰው አይገኝም። በዚያ ሰሞን ሰው ቤት አቮካዶ ይዞ መሄድ ባዶ እጅ ከመሄድ አይሻልም፤ እናት ልጇን፣ "ተቀበያቸው" ትላለች፣ ልጅቷ ወስዳ ከሌላው ክምር ላይ ታስቀምጠዋለች። የሚድነው አዲስ አበባ ዘመድ ያለው ነው። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ አውቶቡሱ ላይ ተጭኖ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን ስልክ ይደወላል፦ "ድንጋይ ነው እንዴ የላካችሁት?" ባለቤቴ ትመክራቸዋለች፤ ጤፍ ውስጥ ቅበሩት፣ ወይ ከበሰለ ሙዝ ጋር ጠቅልሉት፣ ከሙዙ የሚወጣው ጋዝ ያበስለዋል። በሳምንቱ ደግሞ ይደወላል፦ "ሁሉም በአንድ ቀን በሰለ፣ ምን እናድርገው?"

ለዚህኛው ምክር የለንም። እኛ ራሳችን መላ አላገኘንም፤ በሰላጣ፣ በዳቦ፣ በስኳር፣ በጨውና በሎሚ በልተን፣ ፀጉር ተቀብተን፣ ለዶሮ ሰጥተን የተረፈው ነው።

ያን ሰሞን አንድ ማታ የሐጂ ባለቤት በልጅ ሰሃን ላኩልን፣ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ። ስንገልጠው አምስት አቮካዶ ነው። አየናቸው፤ ከምራታቸው ነው የመጡት፣ አንዱ ላይ የቆርቆሮው ዝገት አለ። ባለቤቴ አመስግናቸው አለች፣ አመሰገንኩ። የሰው ሰሃን ባዶ አይመለስም፤ በቤታችን ደግሞ በዚያ ሳምንት የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው። መርጣ፣ ከእነሱ የሚበልጡ ስድስት አድርጋ መለሰች። በሦስተኛው ቀን ሰሃኑ ሰባት ይዞ መጣ። ባለቤቴ ይህን እንደ ፉክክር አየችው፤ ስምንት አድርጋ፣ ከላይ አንድ ፓፓያ ጨመረችበት። ሐጂ በማግሥቱ አጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ "ፓፓያው ከወንዱ ነው ወይ?" ብለው ጠየቁኝ።

ሰሃኑ አሁንም ይመላለሳል። መጀመሪያ ከየት ቤት እንደወጣ ግን አከራካሪ ሆኗል። ባለቤቴ እናቷ የሰጧት ነው ትላለች፤ የሐጂ ባለቤት ደግሞ ለትልቋ ልጃቸው ሠርግ መርካቶ ከገዙት አንዱ ነው ይላሉ።